ፊልሙን መቼ አየነውና!

ባለፈው ሰሞን ወልቂጤ፣ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር። ከጓደኞቼ አንዱ ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፎ አንድ የድሮ የአማርኛ ፊልም ከፈተልን። «የድሮ» ስላችሁ የጃንሆይን ዘመን እንዳታስቡ። እኛ አንደኛ ደረጃ ስንማር የወጣ ነው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ዘጋውና ፍርዱን ሰጠ።

«የዛን ጊዜ ፊልም በቃ ቀሽም ነው! ምስሉ ጭቃ፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ…»

ሳቅን። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ግን ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። ጓደኛዬ እኮ ፊልሙን አላየውም። ያየው ምን መሰላችሁ? በካሴት ተቀርጾ፣ ለቪሲዲ ተጨምቆ፣ ከቪሲዲው ላይ በድብቅ ተገልብጦ፣ ከግልባጩ ላይ ወደ ኮምፒዩተር ተስቦ፣ ስክሪን እንዲሞላ ግራና ቀኝ ተለጥጦ፣ ፊቱ ላይ የቻናል አርማ ተለጥፎበት ዩቲዩብ ላይ የተጫነውን ነው። የልጅ ልጅ ልጁን! ይሄ ሰውየውን በአካል ሳያዩ፣ የፎቶ ኮፒውን ፎቶ ኮፒ አይተው «መልከ ጥፉ ነበር» ብሎ ከመፍረድ በምን ይለያል?

ስለዚህ ይህቺ ጽሑፍ ጠብ ፈላጊ ናት፤ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ጠቤ ከጓደኛዬ ጋር አይደለም፤ እሱ የቀረበለትን ነው የበላው። ጠቤ ስለ ድሮ ፊልም ከሚተቹት፣ የድሮ ፊልም ከሚጭኑት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋናውን ካሴት ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፈው ከተቀመጡት ጋር ነው። የምለውም አንድ ነገር ነው። የዚያ ዘመን ፊልሞቻችን ጥሩ ይሁኑ መጥፎ፣ እኔም እናንተም አናውቅም። አላየናቸውማ!

«ምን አሉ?»

የቸሃ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት እምድብር ነው። በኛ አገር ዓመቱ የሚዞረው በመስቀል ነው። መርካቶ የከተመው ሁሉ ለመስቀል አገሩ ይገባል። አንድ ዓመት ታላቅ ወንድሜ ከስጦታው ሁሉ ጋር የቪሲዲ ማጫወቻና በላስቲክ የተጠቀለሉ ዲስኮች ይዞ መጣ። ክትፎው ተበልቶ ሲያበቃ ቤቱ በጎረቤት ሞላ። ፊልሙ ተጀመረ።

አያቴ መደብ ላይ ተቀምጣ ከሁለት ደቂቃ አንዴ «ምን አሉ?» ትለን ነበር። ተዋናዮቹ ያወራሉ፤ እሷ «ምን አሉ?» ትላለች። እኛ ልጆቹ አማርኛው የከበዳት መስሎን እየተቀባበልን ወደ ቸሃ እንተረጉምላት ነበር። እውነቱን ልናገር? ግማሹን እኛም አልሰማነውም። ከፊታቸው እየገመትን፣ ታሪኩን ራሳችን እየፈጠርን ነበር የምንተረጉመው። ዲስክ አንድ አለቀ። ዲስክ ሁለት ሲገባ ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ልጅቷ ማንን እንዳገባች ሳላውቅ ዓመታት አለፉ። አያቴም ሳታውቅ አለፈች።

ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ፣ ኤዲት ቤት የሚሠራ የአገሬ ልጅ ያንኑ ፊልም ከዋናው ካሴት ላይ ከፈተልኝ። (የፊልሙን ስም አልጠራም። ባለቤቱ ሳይፈቅድ ነው ያየሁት፤ እኔም ንጹሕ አይደለሁም።) ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ተዋናይቷ በሹክሹክታ የምትናገረው ዓረፍተ ነገር አለ። የታሪኩ ቁልፍ እሱ ነው፤ በኛ ቪሲዲ ላይ ግን ከጀርባ ያለው ሙዚቃ ውጦት ቀርቷል። ፒያሳ ላይ የተቀረጸ ትዕይንት አለ። የሱቆቹ ታፔላ አንድ በአንድ ይነበባል፤ በልጅነቴ ቡናማና ግራጫ ሳጥን ብቻ ነበር የሚታየኝ። ያኔ ገባኝ። የአያቴ አማርኛ አልነበረም ችግሩ። ጆሮዋም አልነበረም። ያን ኮፒ ማንም ሊሰማው አይችልም ነበር።

ጭቃው ከየት መጣ?

ነገሩ ስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ ቁጥሩን እንየው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2002 ወዲህ የአማርኛ ፊልም በቪዲዮ ካሜራ እየተሠራ ሲኒማ ቤት መግባት ጀመረ። የሄለን ታደሰ «የበረዶ ዘመን» ከፋና ወጊዎቹ አንዱ ነው። «ጉዲፈቻ»፣ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» የዚያው ዘመን ልጆች ናቸው። በዚያ ዘመን ብዙ የተሠራበት ዲቪ የሚባለው የካሴት ዓይነት በ720 በ576 ነጥብ ምስል ይይዛል። ቪሲዲ ደግሞ 352 በ288 ነው። አባዙትና አካፍሉት፤ ቪሲዲው ላይ የሚደርሰው ከዋናው ሩብ ያህል ብቻ ነው። ሦስት እጁ መንገድ ላይ ቀረ።

ገና አላለቀም። ዲቪ ካሴት በሰከንድ 25 ሜጋቢት ያህል የምስል መረጃ ይጽፋል። ቪሲዲ 1.15 ብቻ። ከሃያ እጥፍ በላይ ልዩነት! ሰው ሲሮጥ፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ መብራት ሲደበዝዝ ምስሉ ወደ ሸክላ ንጣፍ የሚለወጠው ለዚህ ነው። ድምፁም እንዲሁ ይጨመቃል፤ በሰከንድ 1,536 ኪሎቢት የነበረው 224 ይሆናል። አንዱ ዲስክ ከ80 ደቂቃ የማይበልጥ ስለሚይዝ ፊልሙ ለሁለት ይሰነጠቃል። «ዲስክ ሁለት» የሚባል አገራዊ ሕመም ያመጣብን ይኸው ነው።

ይሄ እንግዲህ ሕጋዊው ቪሲዲ ነው። ከሱ ላይ ገልባጩ አንዴ ደግሞ ሲጨምቀው፣ ጫኚው አንዴ ደግሞ ሲጨምቀው ምን እንደሚቀር ራሳችሁ አስቡት።

ከዚያ ዩቲዩብ ላይ «ኤችዲ ጥራት» ተብሎ ይጻፍበታል። ኧረ በሕግ! 352 ነጥብ የነበረውን 1280 ማድረግ ወጥ ላይ ውሃ መጨመር ነው። ወጡ ይበዛል፤ ሥጋው አይበዛም። ይባስ ብሎ፣ ለድሮው አራት ማዕዘን ቴሌቪዥን የተቀረጸውን ለሰፊ ስክሪን ሲለጥጡት ምስሉ ወደ ጎን በሲሶ ይሰፋል። ተዋናዩ ሁሉ ያለ ምግብ ይወፍራል። ኳስ ቢመጣ የዶሮ እንቁላል ይመስላል። አንዳንዱ ጫኚ የባለቤትነት ቁጥጥሩን ለማምለጥ ፍጥነቱን ሰቅሎ ድምፁን ያቀጥነዋል። ጎምቱው ሽማግሌ እንደ ጫጩት ጭው ጭው ይላል። እኛም ይሄን አይተን «ትወናው አያሳምንም» እንላለን!

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። ከዚያ ዘመን ፊልሞች ውስጥ ከመነሻው በደንብ ያልተቀዱ አሉ። ካሜራው ላይ በተሰካ ማይክ ብቻ የተቀዳ ንግግር አለ። ጄኔሬተሩ ከመሪ ተዋናዩ በላይ የሚጮህበት ትዕይንት አለ። ንጹሕ ኮፒ ቀሽም ፊልምን ጥሩ አያደርገውም። ጥፋተኛውን ግን ይለይልናል። የዳይሬክተሩ ጥፋት የቱ ነው? የድምፅ ባለሙያው የቱ ነው? የገልባጩስ? አሁን ሁሉንም በአንድ ገመድ አስረን እየገረፍን ነው።

ተቺው ምን አየ?

እኔ የምለው፣ ስለ ድሮ ፊልም የሚጽፉና በሬዲዮ የሚያወሩ ወዳጆቻችን ምኑን ነው የሚተቹት? «ምስሉ ጥራት ይጎድለዋል» ይላሉ። የቱ ምስል? ሲኒማ ቤት ገብተህ ያየኸው? ቪሲዲው? ወይስ ትናንት ማታ አልጋህ ላይ በስልክህ ያየኸው? ሌላው ዓለም የድሮ ፊልም ለቤት ዕይታ ሲወጣ የሚተች ሰው መጀመሪያ የሚነግርህ ይሄንን ነው። ከየትኛው ቅጂ እንደተወሰደ፣ ጭረት እንዳለው፣ ቀለሙ እንደ ለቀቀ፣ ንግግሩ እንደሚሰማ። ፊልሙን ለብቻ፣ ቅጂውን ለብቻ ይመዝናል። የኛ ሰው ግን ሁለቱን ቀላቅሎ በአንድ ሚዛን ላይ ያስቀምጥና ሚዛኑን ይሰድባል።

የምጠይቀው አንድ መስመር ነው። አንድ መስመር ብቻ! «ይህን ፊልም ያየሁት ከዚህ ቅጂ ነው፤ ድምፁ እዚህ እዚህ ጋ አይሰማም።» ይሄን መጻፍ ያቃተው ተቺ ስለ ሲኒማቶግራፊ ሁለት ገጽ ባይጽፍልን ይሻላል።

ለገልባጩ አንድ ምስጋና፣ አንድ ወቀሳ

ያኔ ፊልም የሚታይባቸው አምባሳደር፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲኒማ አምፒር ሁሉም አዲስ አበባ ናቸው። እኛ ወልቂጤና ቡታጅራ ያለን ልጆች ድርሻችን ቪዲዮ ቤት ነበር። ቆርቆሮ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ጣሪያ ድረስ የሚጮህ ድምፅ ማጉያ። ፕሮዲዩሰሩ ደግሞ «ይገለበጥብኛል» ብሎ ቪሲዲውን ቶሎ አያወጣም። ስለዚህ ወደ እኛ የሚደርሰው የተገለበጠው ነበር። ገልባጩ ባይኖር አያቴ ያቺን ግማሽ ፊልም እንኳን አታይም ነበር። ይሄን መካድ ውለታ ቢስነት ነው።

ግን ደግሞ ውለታው ዕዳ አለበት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ለጌጥ አልነበረም። ፊልም ሠርቶ መኪናውን የሸጠ ሰው፣ ሥራው በአስር ብር መንገድ ላይ ሲቸበቸብ ሲያይ ምን አደረገ? ካሴቱን ቆለፈ። «ከእንግዲህ ለማንም አልሰጥም» አለ። ገልባጩ የሰረቀው የዚያን ቀኑን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ልናየው የምንችለውን ንጹሕ ኮፒም ነው። ዛሬም ጭቃውን እየጫኑ የማስታወቂያ ገንዘብ የሚሰበስቡ ቻናሎች ያንኑ ሥራ ቀጥለዋል። ቢያንስ አርማችሁን ከተዋናዩ ግንባር ላይ አንሱ! ቢያንስ መጨረሻ ላይ የሚያልፈውን የሠራተኞች ስም አትቁረጡ! መብራት የያዘው ልጅ ስሙ የቀረው እዚያ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ቆጮና ካሴት

አሁን ወደ ዋናው ጠቤ ልምጣ። ወደ ባለ ቁምሳጥኖቹ።

የተከበራችሁ ፕሮዲዩሰሮች፣ ቁስላችሁ ይገባኛል። ተዘርፋችኋል። ግን እኛ ጉራጌዎች አንድ ነገር ከእንሰት ተምረናል። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ሲቆይ ይበስላል፤ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል። ካሴት ግን ቆጮ አይደለም! ቁምሳጥን ውስጥ ሲቆይ አይበስልም፤ ይሞታል። ካሴት ማለት ስስ ፕላስቲክ ላይ የተለበጠ የማግኔት ብናኝ ነው። ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ልባጡ ይለቃል፣ ይጣበቃል፣ ሻጋታ ያወጣል። ዲጂታል ሲሆን ደግሞ ቀስ ብሎ እየደበዘዘ አያስጠነቅቅም፤ አንድ ቀን ምስሉ ተቆራርጦ ይቀራል።

ካሴቱ ደህና ቢሆን እንኳን በምን ታጫውቱታላችሁ? የቪኤችኤስ ዴክ ሲሠራ የቆየው የመጨረሻው ፋብሪካ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ምርቱን አቁሟል። የዲቪ ካሜራና ዴክም ከገበያ ወጥቷል፤ ያለው ያገለገለው ነው፤ የሱም ሄድ እያለቀ ነው። ስለዚህ ሩጫው ከሌባ ጋር መሆኑ ቀርቷል፤ አሁን ከጊዜ ጋር ነው። ከሌባ የደበቃችሁትን ሻጋታ እየበላው ነው። ሌባው እንኳን ግማሹን አትርፎልን ነበር!

በሴሉሎይድ የተሠሩትማ የባሰ ጥያቄ አለባቸው። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ35 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ የተሠራ ነው፤ ሲኒማ አዳራሽ የሚሞላ ምስል ማለት ነው። የሚሼል ፓፓታኪስን «ጉማ» ውሰዱ። እ.ኤ.አ. የ1974 ሥራ ነው። በስሙ የፊልም ሽልማት አቋቁመን፣ በየዓመቱ ሱፍና ቀሚስ ለብሰን ቀይ ምንጣፍ ላይ ፎቶ እንነሳለን። እስቲ ከተሸላሚዎቹ ውስጥ «ጉማ»ን በንጹሕ ቅጂ፣ በትልቅ ስክሪን ያየ እጁን ያውጣ። ለፊልሙ ስሙን ወስደን፣ ምስሉን ለማንም ሳናሳይ «አከበርንህ» አልነው። ይሄ ተዝካር ነው ወይስ ሽልማት?

ሙዚቃው ምን አስተማረን?

«የድሮ ነገር በቃ ድሮ ነው» የምትሉኝ፣ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የስልሳዎቹ የአዲስ አበባ ሙዚቃ በተቧጨረ ሸክላና ተደጋግሞ በተቀዳ ካሴት እየተሰማ «የአባቶቻችን ጊዜ ጫጫታ» ሲባል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1997 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲዲ ማውጣት ጀመረ። ድምፁ ተጠርቶ፣ የተጫዋቾቹ ስም ተጽፎ፣ ታሪኩ ተዘርዝሮ። ሰባተኛው ቅጽ የኛው ማሕሙድ አሕመድ ነው። ዓለም ሰምቶ ጉድ አለ። ሙዚቃው አልተለወጠም። ማሕሙድ ድጋሚ አልዘፈነም። የተለወጠው ኮፒው ብቻ ነው!

ፊልምም እንዲሁ ነው። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን አብዮቱ በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ቀረጸው። ያ ፊልም ጣሊያን ውስጥ በቦሎኛ ሲኒማ ቤተ መዛግብትና በማርቲን ስኮርሴዚ የፊልም ፋውንዴሽን ታድሷል። ዛሬ የገበሬው ፊት ላይ ያለው መስመር ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ሳንኮፋ»ም ታድሶ በ2021 ኔትፍሊክስ ላይ ወጥቷል። ኃይሌ ለምን ተሳካለት? ፊልሙን በእጁ ይዞ ስለኖረ ነው፤ ራሱ አዳራሽ እየተከራየ አሳየ፣ ዋሽንግተን ላይ ራሱ የቪዲዮና የመጻሕፍት ቤት ከፈተ። ግን ያዘ እንጂ አልቀበረም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ለሁለት ሺዎቹ የአማርኛ ፊልሞች ሌላ ፈረንሳዊ እንጠብቅ?

«ዋናው ታሪኩ ነው»

የምትመልሱልኝን አውቃለሁ። «ኑሮ ተወዶ፣ ሕዝቡ ስንት ጣጣ እያለበት፣ አንተ ስለ ነጥብ ትቆጥራለህ?» «ዋናው ታሪኩ ነው፤ ታሪኩ ከገባህ ምን ጎደለ?»

ታሪኩ መች ገባንና? አያቴ «ምን አሉ?» እያለች ነው ያለፈችው። ፍቃዱ ተክለማርያም በ2010 ዓ.ም. ተለየን። የዚያ ሰው ሀብቱ ድምፁ ነበር። ያንን ድምፅ በ224 ኪሎቢት ቪሲዲ ግልባጭ ብቻ ለልጆቻችን ማውረስ ምን የሚሉት ውርስ ነው? ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰች። ማፍረሱ ልክ ነው፣ አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ለሱ ሌላ ጓደኛችን አለን። ግን እነዚያ «ቀሽም» የምንላቸው ፊልሞች ጀርባ ላይ ፒያሳ ቆማለች። ታፔላዋ፣ በረንዳዋ፣ ታክሲ ተራዋ፣ አላፊ አግዳሚዋ። ንጹሕ ካሴቱ ላይ ይነበባል፤ ኮፒው ላይ ጭቃ ነው። ድራማውን ብትንቁት እንኳን ጀርባውን ልትንቁት አትችሉም። እሱን ደግሞ የሚቀርጸው የለም።

እና ምን ይሁን?

ብዙ አልጠይቅም። ባለ ካሴቶች፣ ዘንድሮ፣ ዴኩ ሳያልቅ፣ ካሴታችሁን ሳትጨምቁ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ። የአንድ ሰዓት ዲቪ 13 ጊጋባይት ያህል ነው፤ አንድ ሙሉ ፊልም ዛሬ በተራ ፍላሽ ይገባል። ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ቤት፣ አንዱ ሌላ ከተማ። ከዚያ ሽጡት፣ አከራዩት፣ በራሳችሁ ቻናል ጫኑት፤ ንጹሑ ከባለቤቱ እጅ ሲገኝ ጭቃውን የሚፈልግ የለም። መጽሐፍ ታትሞ ቅጂው ወመዘክር እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ የፊልም ማስተርም ግድ ይቀመጥ።

«ገንዘብ የለንም» አትበሉኝ። እኔ መርካቶ ሆነው ሳንቲም በሳንቲም አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ ያስገቡ ሰዎች ልጅ ነኝ። መንገድ በመዋጮ የሚሠራ ሕዝብ አንድ ያገለገለ ዴክ በእቁብ መግዛት አያቅተውም። አምስት ፕሮዲዩሰር፣ አንድ ዴክ፣ አንድ ልጅ፣ ሁለት ወር። በቃ!

እናንተ አንባቢዎች ደግሞ፣ ከእንግዲህ አንድ የድሮ ፊልም ከፍታችሁ ጭቃ ሲሆንባችሁ «ቀሽም» ከማለታችሁ በፊት «የማን ኮፒ ነው?» በሉ። ያ ካፌ ያለው ጓደኛዬም ይሄን ካነበበ፣ ቡናው በኔ ነው።

አያቴን በተመለከተ… ያቺ ልጅ ማንን እንዳገባች አሁን አውቃለሁ። በሹክሹክታ ምን እንዳለችም አውቃለሁ። «ምን አሉ?» የምትለኝ ግን የለችም።

ቸር እንሰንብት።